አያት ያጸኑት በልጅ ልጅ ዘመን ፈረሰ

ባለፈው እሑድ ልጄ ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቱ የልጅ ልጄ የሚያየውን ፊልም አቁሞ «አባባ፣ ንጉሡ ሌላ፣ ሕዝቡ ሌላ ሃይማኖት ቢይዙ ማን ያሸንፋል?» አለኝ። ፊልሙ በሩቅ ፕላኔት ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። «ለዚህ ጠፈር ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ አገራችን መንዝ ይበቃል» አልኩት።

ጥያቄው ቤቱን ነክቶታል። ታላቅ እህቱ ከጥቂት ወራት ወዲህ ወደ ሌላ ጸሎት ቤት መሄድ ጀምራለች። አባቷ «በቤቴ እስካለሽ የእኔን ሃይማኖት ትይዣለሽ» ካላት ወዲህ በአንድ ትሪ አይበሉም።

ታሪኩን ለሁሉም አወራሁት። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘራቸው ከመንዝ ነው። በ1830ዎቹ ግን አንኮበር ያለው ቤተ መንግሥታቸው «ሦስት ልደት» የሚባለውን ትምህርት ሲደግፍ፣ በመንዝና በመርሐ ቤቴ ብዙው ካህንና ሕዝብ በሁለት ልደት ጸና። ሁለቱም ወገን ኦርቶዶክስ ነው፤ ጾሙም አንድ ነው። ክርስቶስ ከአብ ያለ እናት፣ ከድንግል ማርያም ያለ አባት መወለዱን ሁለቱም ያምናሉ፤ አንዱ ግን በመንፈስ ቅዱስ መቀባቱን ሦስተኛ ልደት ይለዋል። ንጉሡ ሥልጣናቸውን ለአንዱ ወገን ሰጡ። ጳጳሱ አቡነ ሰላማ በተቃራኒ ቆሙ። መንዜም ለንጉሡ ቢገብርም እምነቱን አልለወጠም።

ዓመታት አለፉ። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወሎ ውስጥ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ፤ ሦስት ልደት ተወገዘ። የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ንጉሥ ምኒልክ እዚያው ተገኝተው ውሳኔውን ተቀበሉ። አያት በሥልጣን ያጸኑት በልጅ ልጅ ዘመን በሥልጣን ፈረሰ።

ከዚያው ጊዜ ጀምሮ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። አንዳንዱ አመፀ፣ አንዳንዱ ተሰደደ። ከተጠመቁትም ብዙዎቹ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ሆነው ኖሩ። አዋጁ ስም አስለወጠ፤ ልብ ጋ ግን አልደረሰም።

ይሄኔ ልጅቷ ከጓዳ ወጥታ «እኔም እንደዚያ ነው የምኖረው» አለች። ላይብረሪ እያለች የምትሄደው ወደዚያ ጸሎት ቤት ኖሯል። አባቷ አቀርቅሮ ቆየና «እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?» አለኝ።

አልዋሸሁትም። ያመኛል። በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ አቅፌ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ይህንኑ ለእሷም ነገርኳት፤ አለቀሰች፣ ሐሳቧን ግን አልለወጠችም። ቢሆንም ዛሬ የት እንደምትሄድ እናውቃለን። ትናንት አናውቅም ነበር።

ወላጆች፣ የልጃችሁ እምነት ካሳሰባችሁ መከፋታችሁን ንገሩት፣ የምታምኑበትንም ሳትሰለቹ አስረዱት፤ ማዕድ ግን አትለዩ። አያቶችም ብንሆን ከአንዱ ወገን ቆመን እሳት አንጨምር። የተገደደ ልጅ የሚማረው መደበቅን ነው፤ የተደበቀ ልጅ ደግሞ ችግር ሲገጥመው ወደ ቤቱ አይሮጥም።

በዚያ ቀን ምሳ ሲቀርብ ልጄ ጠጋ ብሎ ለልጁ ቦታ ለቀቀላት። ስለ ሃይማኖቱ አልተስማሙም። ከአንድ ትሪ ግን በሉ።