ሀራም መሆኑን ያውቃል፤ ታዲያ ለምን ይጠጣል?

 

አስካሪ መጠጥ ሀራም መሆኑን የማያውቅ ሙስሊም ወጣት በከተሞቻችን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። መድረሳ ሳይገባ ገና ከእናቱ ጉያ ሰምቶታል። ስለዚህ አንድ ወንድማችን ጠጣ በተባለ ቁጥር «ሀራም እኮ ነው!» ብሎ መጮህ የሚያውቀውን መልሶ መንገር ነው። መጠየቅ ያለበት «እያወቀ ለምን ጠጣ?» የሚለው ነው።

«ኢማኑ ስለደከመ ነው» ብለን እንዘጋዋለን። ልክ ነው፣ ደክሟል። ግን በየትኛው በር ተገብቶበት ደከመ? በሩን ካላወቅን ምኑን እንዘጋለን?

አይሴክ አይዘን የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የሰው ሐሳብ ወደ ድርጊት የሚያዘነብለው በሦስት ነገሮች ነው ይላል፦ ስለ ነገሩ ባለው አመለካከት፣ በዙሪያው ያሉ ሰዎች ከእሱ ይጠብቃሉ ብሎ በሚገምተውና በራሱ ላይ አለኝ በሚለው አቅም። ሦስቱንም ወደ እኛ ሰፈር እናምጣቸው።

አንደኛው አመለካከት ነው። «ያዝናናል፣ ጭንቀት ያስረሳል፣ ድፍረት ይሰጣል» የሚለው እምነት ከመጀመሪያው ጉንጭ በፊት የተተከለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 አለን ማርላትና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ሙከራ፣ ቮድካ የሌለበትን ቶኒክ «ቮድካ አለበት» ተብለው የቀረበላቸው ሰዎች፣ ቮድካ ያለበትን «የለበትም» ተብለው ከቀረበላቸው ሰዎች የበለጠ ጠጡ። ያስጠጣቸው በብርጭቆው ውስጥ ያለው ሳይሆን በጭንቅላታቸው ውስጥ ያለው ነበር። ያንን ማን አስገባው? ለዓመታት ቢራን ከኳስ፣ ከጭፈራና ከጓደኝነት ጋር አንድ አድርጎ ያሳየን ማስታወቂያ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ከስልካችንና ከክሊፑ ግን ማን ያስወጣው?

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰባኪዎቻችንም ይሳሳታሉ። «መጠጥ ምንም ጥቅም የለውም» ይሉታል፤ ወጣቱ ደግሞ ጓደኞቹ ሲስቁ ያያል፣ ከዚያ በኋላ የሚሉትን ሁሉ መስማት ያቆማል። ቁርኣን እንዲህ አላደረገም። ሱረቱል በቀራ ለሰዎች ጥቅሞች እንዳሉት አልካደም፤ ግን መዝኖ ወንጀሉ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ነገረን። ሱረቱል ማኢዳህ ደግሞ ምክንያቱን ዘረዘረ፦ በመካከላችን ጠላትነትና ጥላቻ ይጥላል፣ ከዚክርና ከሶላት ያግዳል። ወጣቱን አክብሮ ማስረዳት ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ጓደኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ፕሬንቲስና ሚለር በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ያደረጉት ጥናት ታትሞ ወጣ። ተማሪዎቹ በግቢያቸው ያለው መጠጥ ለራሳቸው ብዙም ሳይመቻቸው፣ ሌሎቹን ግን የተመቻቸው አድርገው ይገምቱ ነበር። እያንዳንዱ ያልተመቸውን ደብቆ የሌላውን ፊት ያነባል ማለት ነው።

አሁን «ጨብሲ»ን አስቡት። የጫትን ብይን ለዑለሞች ልተወው። አምስት ልጆች ቅመው ይመሻል፣ ምርቃናው ይከብዳል፣ አንዱ «በትንሽ ነገር እንስበረው» ይላል። ምናልባት ሦስቱ በልባቸው አይፈልጉም። ግን ሁሉም «እነሱ ፈልገዋል፣ እኔ ብቻ ፋራ ልሆን?» ብሎ ይነሳል። አምስት ሰው ብዙዎቹ ያልፈለጉት ቤት ይገባል! አንዱ ቆርጦ «እኔ አልሄድም» ቢል ራሱን ብቻ ሳይሆን ሁለት ወንድሞቹንም ባዳነ ነበር።

ሦስተኛው «እኔ እኮ ራሴን እቆጣጠራለሁ» የሚለው ነው። «ማልቴን ይዤ እቀመጣለሁ፣ ምን አለበት?» ይላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአላህና በመጨረሻው ቀን የሚያምን ሰው ኸምር የሚዞርበት ማዕድ ላይ እንዳይቀመጥ አስተምረዋል። ክልከላው ከብርጭቆው ሳይሆን ከወንበሩ ይጀምራል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው እምቢታውን በየደቂቃው እንደገና መናገር አለበት፤ ቤቱ የቀረ አንዴ ብቻ ነው የሚናገረው።

«ቁርኣንና ሐዲስ እያሉን ሥነ ልቦና ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የተናገረችውን ያስታውስ፦ መጀመሪያ የወረደው ስለ ጀነትና ስለ እሳት ነው፤ ከመነሻው «ኸምር አትጠጡ» ቢባል ኖሮ ሰዎች በፍጹም አንተውም ይሉ ነበር። መጀመሪያ ልብ ተሠራ፣ ከዚያ ክልከላው መጣ። ሲመጣ ደግሞ አነስ (ረ.ዐ) በአቡ ጦልሃ ቤት እየቀዳ ሳለ የአዋጅ ነጋሪው ድምፅ ተሰማ፤ አቡ ጦልሃ «ውጣና ድፋው» አለው፤ መጠጡ በመዲና መንገዶች ፈሰሰ። ማንም ብቻውን አልተወም፤ ጀማዓው አብሮ ተወ። ብቻውን የሚታገል ወጣትና አብሮት የሚቆም ጀማዓ ያለው ወጣት እኩል አይደሉም።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ እኛም ይዞራል። ከዒሻ በኋላ የመስጂዱ በር ሲዘጋ መጠጥ ቤቱ ይደምቃል። ለወጣቱ ምን አዘጋጀንለት? አንዴ የተንሸራተተውንስ እንዴት ተቀበልነው? ጠጥቶ የተቀጣን ሰው አንድ ሰው ሲሰድበው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋል፤ በወንድማችን ላይ ሸይጧንን እንዳናግዝ አስጠንቅቀዋል። እኛ ግን በየቡና ቤቱ ስሙን እናነሳለን፣ ሰላምታ እንነሳዋለን። ከዚያ በኋላ ፈገግ ብሎ የሚቀበለው ያ መጠጥ ቤት ብቻ ቢሆን ማን ነው የላከው?

አንተ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ! ውሳኔውን ማታ ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ዛሬ በብርሃን ወስኑ። «መድኃኒት ላይ ነኝ» እያላችሁ ሰበብ አትፈልጉ፤ መድኃኒት ያልቃል፣ ጓደኛም ነገ ይመለሳል። «አልጠጣም» በቂ ቃል ነው። የጨብሲ ሰዓት ሳይደርስ ተነሱ። የወደቃችሁ ካላችሁም የተውባ በር ክፍት ነው፤ ሰው ቢዘጋባችሁ አላህ አልዘጋባችሁም።

አላህ ኒያችንን ያስተካክልልን፣ መልካም ጓደኛም ይወፍቀን። አሚን!