በባዕድ አገር ለተወለደ ልጅ ወረቀቱ ከየት ይጀመራል?

አዲስ አበባ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ፣ የትውልድ ቦታዋ በደቡብ ጎንደር እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ የሆነ አንዲት እናት ለዚህ አምድ ደብዳቤ ልካለች። ታናሽ እኅቷ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ቤይሩት ሄዳ እዚያው ወልዳለች። ሕፃኑ አምስት ወር ሆኖታል። እናቲቱ ሥራዋን እንዳታጣ ልጁን መካነ ኢየሱስ ለአያቱ ልትልከው አስባለች። አያትም በስልክ፣ «ላኪልኝ እንጂ! ልጅ የሚያድገው በወተት ነው እንጂ በወረቀት ነው?» ብለዋል። የደብዳቤዋ ጸሐፊ ግን ሌላ ጭንቀት ይዟታል። «እታለም፣ እኅቴ በፓስፖርቷ ላይ ያለው ስም እኛ የምንጠራት ስም አይደለም። ታዲያ ልጁ የማን ልጅ ተብሎ ይመጣል?» ስትል ትጠይቃለች።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ያለበት ቤት ብዙ ስለሆነ መልሱን ለሁሉም በሚሆን መንገድ እንጽፋለን። በመጀመሪያ ሕጉን እንይ፤ ሕጉ ለእናት የሚበጅ ነውና።

በሐምሌ ወር 1922 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ፣ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር የተወለደ፣ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ይል ነበር። እርግጥ ነው፣ የውጭ አገር ሰው በሕግ ያገባችውን እናት ልጅ ወደ አባቱ ዜግነት የሚመራ አንቀጽም ነበረበት። ያ ዛሬ የለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 እና በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ በትውልዱ ኢትዮጵያዊ ነው። እናት ብቻዋን ትበቃለች። አባቱ ሱዳናዊም ይሁን ሶርያዊ፣ ልጄ ነው ይበልም ይካድም፣ ይህ አይለወጥም። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት እንዳለው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ደንግጓል።

በሊባኖስ ግን በ1917 ዓ.ም. ገደማ የወጣው ሕግ ዜግነትን የሚያወርሰው በአባት በኩል ነው። ሊባኖሳዊት ሴት ባዕድ ብታገባ ለልጇ ዜግነቷን አታወርስም። በዚህ ነገር የእስቴዋ ልጅ ከአሠሪዋ ከማዳም የተሻለ መብት አላት ማለት ነው። ችግሩ መብቱን የሚያሳየው ወረቀት ማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት መገኘቱ ነው።

ለሊባኖስ መዝገብ ሹም ይህ ሕፃን በአገሩ የሚኖሩ የውጭ ሰዎች ልጅ ነው። ስለዚህ ልደቱን ይመዘግባል እንጂ ዜግነት አይሰጥም። አሠራሩ እንዲህ ነው። ያዋለደው ሐኪም ወይም አዋላጅ የልደት ማስታወቂያ ይሰጣል። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ሙክታር የሚባለው የሰፈር ሹም የልደት ወረቀት ይጽፋል። ወረቀቱ በአንድ ዓመት ውስጥ የውጭ ዜጎች በሚመዘገቡበት መዝገብ ቤት መግባት አለበት። ዓመቱ ካለፈ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ጠበቃና ገንዘብ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ የአገሩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም፣ ቀጥሎም የቆንስላችን ማረጋገጫ ይከተላል።

በየደረጃው የወላጆች ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድና የጋብቻ ማስረጃ ይጠየቃል። ከአሠሪዋ ቤት የወጣች ሴት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሦስቱም የሏትም። በ2012 ዓ.ም. በሊባኖስ ኑሮ ሲናጋ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን አምጥተው በቤይሩት ቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው ሲሄዱ፣ አንዳንዶቹ ፓስፖርታቸው እንኳ በእጃቸው አልነበረም። እንደ ሳውዲ ዓረቢያ ባሉ አገሮች ደግሞ ያለ ጋብቻ መውለድ ሊያሳስር ስለሚችል ሆስፒታል ሳይሄዱ ቤት ውስጥ የሚወልዱ አሉ። እነዚህን እናቶች «ለምን ወረቀት አላወጣሽም?» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍርድም አይደለም። የምንመክረው አንድ ነገር ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀር ሐኪሙ ወይም አዋላጇ የሰጠችው የመጀመሪያው ወረቀት አይቅር። እሱ ካለ ሌላው ዘግይቶም ይገኛል።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ፤ ብዙው ቤት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። በአገራችን ባላገር አንዲት ልጅ ስሟ አንድ ብቻ አይደለም። እንበልና እናቷ እናኑ ይሏታል፤ ትምህርት ቤት የሺ ተብላ ተመዝግባለች፤ የክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ነው። ዓረብ አገር ስትሄድ ደግሞ ደላላው ሐያት ብሎ ሰይሟታል፤ ዕድሜዋንም ጨምሮላታል። ሆስፒታሉ የሚያውቀው ሐያትን ነው። መካነ ኢየሱስ ያሉት አያት ሐያት የምትባል ልጅ ወልደው አያውቁም። ሕፃኑ የሐያት ልጅ ተብሎ ሲመጣ፣ በቀበሌው መዝገብ ፊት አያትየው ከልጅ ልጃቸው ጋር ዝምድና የላቸውም። ከዚያ የባሰው የሚመጣው እናቲቱ ራሷ ከዓመታት በኋላ በእውነተኛ ስሟ አገሯ ገብታ «ልጄ ነው» ስትል ነው።

በዚህ ላይ የአያት ስም ጣጣ አለ። የውጭ አገር ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ ፓስፖርታችን ላይ መጨረሻ የተጻፈው ደግሞ የአያት ስም ነው። እናቲቱ የሺ ሞላ ተገኘ ብትሆንና ልጇ ዮሐንስ ተገኘ ተብሎ ቢጻፍ፣ በእኛ አቆጣጠር ሕፃኑ የሞላ ወንድም፣ የእናቱ አጎት ሆኖ አረፈው! የሚያስቅ ይመስላል፤ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡት ግን አያስቅም። የልደት ዘመኑም እንዲሁ ነው። የፈረንጆቹ ዓመት ከእኛ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ ገደማ በሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን በስምንት ይበልጣል። ሳይመነዘር እንዳለ የተገለበጠ ልጅ ገና ያልተወለደ ሆኖ በመዝገብ ይገኛል።

እንግዲህ ለጸሐፊዋ እኅታችን የምንላት ይህን ነው። በቤይሩቱ ወረቀት ላይ የእናትየው ስም በፓስፖርቷ እንዳለው ይጻፍ። ሆስፒታሉም ቆንስላውም የሚያዩት ፓስፖርቱን ስለሆነ እዚያ እውነተኛውን ስም ማስገባት ሌላ ውዝግብ ይፈጥራል። ማስተካከያው እዚህ አገር ነው። የሁለቱ ስሞች ባለቤት አንድ ሰው መሆኗን ፍርድ ቤት ምስክርና ማስረጃ አይቶ እንዲያረጋግጥ ማመልከት ይቻላል። የትምህርት ቤት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት፣ የቀድሞ የቀበሌ መታወቂያ፣ አብረው ያደጉ ጎረቤቶች ሁሉ ለዚህ ይጠቅማሉ። ይህን ልጁ ከመምጣቱ በፊት መጀመር ይሻላል፤ ጎረቤትም ይሞታል፣ ካርድም ይጠፋል።

ሕፃኑ ፓስፖርት ከሌለው ለጉዞው ሌሴ ፓሴ የሚባለውን የአንድ ጊዜ መግቢያ ሰነድ ከቆንስላው ይጠይቃሉ። የሚያመጣው ሌላ ሰው ከሆነ የእናቲቱ የጽሑፍ ፈቃድ በቆንስላው ፊት ይፈረም። ለአያትም ውክልና ትላክላቸው፤ ውክልናው አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከተረጋገጠ በኋላ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ፣ በተለምዶ ውልና ማስረጃ በምንለው መሥሪያ ቤት ይመዘገባል። ዓረብኛው ወረቀት ወደ አማርኛ ይተርጎም። የክትባት ካርዱ አይረሳ፤ በመካነ ኢየሱስ ያለችው የጤና ባለሙያ ምን እንደ ተከተበና ምን እንደ ቀረው የምታውቀው ከእሱ ነው። በዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ክትባት ይጠብቀዋል። ከቻለች እናቲቱ ቢያንስ ስድስት ወር እስኪሞላው ጡት ብታጠባው በወደድን፤ የኮንትራት ሥራ ፋታ እንደማይሰጥ ግን እናውቃለን።

በአገራችን የልደት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የታዘዘ ሲሆን ሥራው የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያንም በኤምባሲዎችና በቆንስላዎች ይመዘገባሉ። የዚህ ሕፃን 90 ቀን አልፏል። ምዝገባው የዘገየ ይባላል እንጂ በሩ አይዘጋበትም። በ2009 ዓ.ም. አዋጁ ከተሻሻለ ወዲህ እኛም በአገራችን የሚወለዱትን የስደተኞችና የሌሎች የውጭ ዜጎች ልጆች እንመዘግባለን። እነሱም የልደት ምስክር ወረቀት ያገኛሉ፤ በዚያ ወረቀት ግን ኢትዮጵያዊ አይሆኑም። የልደት ወረቀትና ዜግነት የተለያዩ መሆናቸውን ብዙ ሰው ያምታታል። አሜሪካ የተወለዱ ዘመዶች ያሏችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። እዚያ በመወለዱ አሜሪካዊ የሆነ ልጅ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ያን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላስታወቀ፣ በአዋጅ 378 መሠረት ኢትዮጵያዊነቱን እንደ ተወ ይቆጠራል።

የእስቴዋ እኅታችን፣ ልጁ አምስት ወሩ ስለሆነ የሊባኖሱ አንድ ዓመት ሊሞላ ሰባት ወር ቀርቶታል። ዛሬ ማታ ለእኅትሽ ስትደውዪ የሆስፒታሉን ወረቀት አውጥታ የእናትን ስም፣ የልጁን ስምና ቀኑን ፊደል በፊደል እንድታነብልሽ ጠይቂያት። ዓረብኛ ማንበብ ካልቻለች ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትላክልሽ፤ አንቺም ዓረብኛ ለሚያነብ ሰው አሳዪው።