ላይቭ ሲዲን ሃርድ ዲስክ ላይ የመጫን አባዜ

ሊኑክስን በሚለማመዱ ሰዎች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ። ላይቭ የሚባለው፣ ሳይጫን ከሲዲ ወይም ከፍላሽ ተነስቶ ደህና የሠራ ሲስተም፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ሲጫን ደግሞ ይበልጥ ይሠራል ይባላል። ሲሰሙት ያሳምናል። ሲዲ ዘገምተኛ ነው፣ ዲስክ ፈጣን ነው፤ ድምፁም ኔትወርኩም እንደሚሠራ በዓይን ታይቷል፤ ታዲያ ምን ይጠበቃል? እኔ ግን ይህ እምነት ስህተት ነው እላለሁ። ብዙ ጀማሪዎችን ከሊኑክስ ያራቀውም እሱ ይመስለኛል።

ኖፒክስን እንይ። ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ይህ ሲስተም 2 ጊጋባይት ገደማ የሚሆን ሶፍትዌር አምቆ በ700 ሜጋባይት ሲዲ ውስጥ አስገባ። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ሃርድዌሩን እንደ አዲስ ይፈትሻል፤ ሲዘጋ ደግሞ ራም ላይ የነበረውን ሁሉ ይረሳል። ትናንት የተበላሸ ነገር ዛሬ የለም። ክኖፐር ይህን መርሳት ተማምኖ ነው ተጠቃሚው ያለ ፓስወርድ እንዲገባ፣ ያለ ፓስወርድም የሩት (የሲስተሙ የበላይ አስተዳዳሪ) ሥልጣን እንዲያገኝ ያደረገው። ፓኬጆቹንም ደቢያን ከተባለው የሊኑክስ ስርጭት፣ ከተረጋጋው፣ ከሙከራውና ገና ካልተረጋጋው ቅርንጫፍ እየለቀመ አዋሃዳቸው። ሲዲ ላይ ይህ ሁሉ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ የማይጻፍበትን ነገር ማን ያበላሸዋል?

ያው ስብስብ ዲስክ ላይ ሲገለበጥ ግን መርሳቱ ይቀራል፤ በእሱ ተማምነው የተወሰኑት ነገሮች ሁሉ ባሉበት ይቆያሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ሰላም ነው። ጣጣው የሚመጣው ባለቤቱ እንደ ማንኛውም ጠንቃቃ ሰው ሲስተሙን አፕዴት ላድርግ ያለ ቀን ነው። ከሦስት ቅርንጫፍ የተለቀሙት ፓኬጆች እርስ በርስ መጣላት ይጀምራሉ። አንዱ አዲስ ላይብረሪ ይፈልጋል፣ ሌላው ያለ አሮጌው አልሠራም ይላል፤ ፓኬጅ አስተዳዳሪው ሊያስታርቃቸው ሲል ግማሹን ዴስክቶፕ ነቅሎ ይጥላል። አፕዴት አላደርግም ብሎ የተቀመጠም አላመለጠም፤ የደኅንነት ቀዳዳዎቹ እንደተከፈቱ ይኖራሉ። ሁለቱም ሰዎች በመጨረሻ የሚሉት አንድ ነው፦ «ሊኑክስ አይረባም።» በሶ ለመንገደኛ ግሩም ስንቅ ነው፤ ቤቱ የገባ ሰው ግን እሳት አንድዶ ያበስላል።

የልማዱ ተከላካዮች አንድ ጠንካራ ነጥብ አላቸው፤ አልክደውም። ኢንተርኔት ውድና ደካማ በሆነበት፣ እንደ እኛ ባለ አገር፣ ሁሉንም ነገር በአንድ ሲዲ አሟልቶ ማግኘት ቀላል ጸጋ አይደለም። ነገር ግን ደቢያን ለዚሁ ችግር ሲል ያለ ኢንተርኔት የሚጫኑ ዲቪዲዎችን ሲያዘጋጅ ቆይቷል፤ ሙሉ ዴስክቶፕ ለመጫን የመጀመሪያው ዲቪዲ ብቻውን ይበቃል። አንድ ሰው ካወረደው ለመላው ክፍል በፍላሽ ይዳረሳል።

ከላይቭ ሲዲው የሚጫነው ኡቡንቱስ? እ.ኤ.አ. በሰኔ 2006 የወጣው 6.06 እትሙ መሞከሪያውንና መጫኛውን በአንድ ሲዲ አጣመረ፤ ጥሩም አደረገ። መጫኛው ስምና ፓስወርድ ይጠይቃል፤ ለዴስክቶፑም የ3 ዓመት ድጋፍ ነበረው። ያ ሲዲ ሲሠራ ጀምሮ ዲስክ ላይ ሊኖር ታስቦ ነው። ጥፋቱ የኛ ነው፤ የአንዱን ችሎታ አይተን ላይቭ የተባለ ሁሉ እንደዚያው ነው አልን።

ዛሬ የኖፒክስን ቦታ የያዘው ካሊ ነው፤ የሚያሳዝነኝም እዚህ ላይ ነው። ካሊ ለደኅንነት ፍተሻ ባለሙያዎች የተሠራ መሣሪያ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2020 መጀመሪያ ድረስ ተጠቃሚውን በቀጥታ ሩት አድርጎ ያስገባ ነበር። አዘጋጆቹ ራሳቸው ለጀማሪም ሆነ ለዕለት ተዕለት ሥራ እንደማይመክሩት በሰነዳቸው ጽፈዋል። ባለሙያ ለዚሁ ሥራ በለየው ኮምፒውተር ላይ ቢጭነው መብቱ ነው። ሳይበር ሴኩሪቲ ልማር ብሎ የተነሳ ተማሪ ግን ዊንዶውሱን አጥፍቶ ካሊን ብቸኛ ሲስተሙ ሲያደርግ፣ አሳይመንቱንም የቤተሰብ ፎቶውንም እዚያው ሲያኖር፣ ይህን የመከረው አስተማሪ ሊጠየቅ ይገባል። የሌላው ላይቭ ሲስተም፣ የቴይልስ፣ አዘጋጆች በዚህ ረገድ ምስጋና ይገባቸዋል። ሲስተማቸው ዱካ እንዳይተው የተሠራ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው ዲስክ ላይ የሚጫንበትን መንገድ ጨርሶ አላበጁለትም።

የላይቭ ፍላሽ ትልቁ ውለታ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ዊንዶውስ አልነሳም ሲል የጥገና ቤቱ የመጀመሪያ ቃል «ፎርማት ይደረግ» ነው። ያኔ ከፍላሹ ማስነሳት፣ ዲስኩን ለንባብ ብቻ መክፈትና የመመረቂያ ጽሑፉን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቻላል። ጀማሪ ስለ ላይቭ ሲስተም ከሁሉ አስቀድሞ ሊማር የሚገባው ይህንን ነው፤ በየሥልጠናው የሚያስተምረው ሰው ግን እምብዛም አላየሁም።