የባሕር ሕግ ማንን ይጠብቃል?

ሕግ ከጥቅም ግጭት ተነጥሎ የሚኖር ረቂቅ ነገር አይደለም። ተጻራሪ ፍላጎቶች በተፋጠጡበት ሥፍራ ሁሉ ትርጉሙና ኃይሉ ይፈተናል። ይህንን ሐቅ በግልጽ ከሚያሳዩት ሁኔታዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2013 ከሩሲያ ሰሜናዊ ጠረፍ ባሻገር፣ በፔቾራ ባሕር የተፈጸመው ነው።

በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 18 ቀን የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የሆነው የግሪንፒስ አባላት፣ በአርክቲክ ባሕር ነዳጅ ማውጣትን በመቃወም፣ በትናንሽ ጀልባዎች ተጠግተው የጋዝፕሮም ኩባንያ ወደሚያስተዳድረው የፕሪራዝሎምናያ የነዳጅ ማውጫ ለመውጣት ሞከሩ። በማግሥቱ የሩሲያ የጸጥታ ኃይሎች ከሄሊኮፕተር ወርደው የሆላንድን ሰንደቅ ዓላማ የምታውለበልበውን አርክቲክ ሳንራይዝ የተባለች መርከብ ያዙ። በውስጧ የነበሩት 30 ሰዎች ወደ ሙርማንስክ ተወስደው በመጀመሪያ በባሕር ላይ ውንብድና፣ ቀጥሎም ሁከት በመፍጠር ተከሰሱ።

ለመሆኑ ውንብድና ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1982 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት እንደሚለው፣ የአንድ መርከብ ሰዎች ለግል ዓላማ ሲሉ በሌላ መርከብ ላይ የሚፈጽሙት የኃይል ወይም የዘረፋ ተግባር ነው። በባሕሩ ወለል ላይ ተተክሎ የቆመ የነዳጅ ማውጫ ግን መርከብ አይደለም። ስለሆነም የክሱ ስያሜ ከድርጊቱ ይዘት ጋር አይጣጣምም ነበር።

ይህ ሲባል ግን ተቃውሞ ያነሳ ሁሉ ከሕግ በላይ ነው ማለት አይደለም። ይኸው ስምምነት የባሕር ጠረፍ ያለው አገር በማውጫው ዙሪያ እስከ 500 ሜትር የሚደርስ የደኅንነት ክልል እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። ነዳጅና ጋዝ ባለበት ሥፍራ የሚፈጠር ግርግር ለሠራተኛው ሕይወትም ሆነ እንጠብቀው ለሚባለው ባሕር አደጋ ሊያስከትል ይችላልና። የክርክሩ ፍሬ ነገር ከዚህ ክልል ውጪ የነበረችን መርከብ ያለ ሰንደቅ ዓላማዋ አገር ፈቃድ መያዝ ይቻላል ወይ የሚለው ነበር።

ሆላንድ ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፍ ግልግል ወሰደች። ሩሲያ ግን በክርክሩ አልተካፈለችም። መቀመጫውን በሐምቡርግ ያደረገው ዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት ኖቬምበር 22 ቀን 2013 መርከቧና ሰዎቹ በ3.6 ሚሊዮን ዩሮ ዋስትና እንዲለቀቁ አዘዘ። ሰዎቹ በዲሴምበር በወጣ የምሕረት አዋጅ ነጻ ሲሆኑ መርከቧ እስከ 2014 አጋማሽ ተይዛ ቆየች። የግልግል ጉባኤው በ2015 በባሕር ላይ የሚደረግ ተቃውሞ ከመርከብ ጉዞ ነጻነት ጋር የተያያዘ ሕጋዊ የባሕር አጠቃቀም መሆኑን አረጋገጠ። መርከብን አሳድዶ መያዝ የሚፈቀደው ማሳደዱ ሳይቋረጥ ሲቀር ብቻ እንደሆነ፣ በዚህ ጉዳይ ግን ተቋርጦ እንደነበር በመግለጽ ድርጊቱን ሕገ ወጥ አለው። በ2017 የተወሰነው ካሣ ወደ 5.4 ሚሊዮን ዩሮ ሲሆን፣ ሁለቱ መንግሥታት በ2019 በ2.7 ሚሊዮን ዩሮ ተስማሙ።

እንግዲህ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ምንድን ነው? በአንድ በኩል መርከብ በባሕር ላይ በሰንደቅ ዓላማዋ የምትጠበቅ መሆኗ ጸንቷል። የባሕር በር የሌላቸው አገሮችም በስምምነቱ መሠረት መርከብ የማንቀሳቀስ መብት ስላላቸው፣ የነጋዴ መርከቦች ያሏትን ኢትዮጵያን ጨምሮ ይህ መርሕ ለእነርሱም ዋስትና ነው። በሌላ በኩል ፍርዱ አስገዳጅ ኃይል ስለጎደለው የተከፈለው ከተወሰነው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ጠቡን ያስነሳው ጥያቄ አልተዳኘም። ስምምነቱ መንግሥታት ከባሕር ወለል ሥራዎች የሚመነጨውን ብክለት እንዲከላከሉ ያስገድዳል። ሆኖም በችሎቱ የተመረመረው የመርከቧ መያዝ እንጂ የባሕሩ መበከል ሥጋት አልነበረም። ማውጫውም ተቃዋሚዎቹ ምሕረት ባገኙበት በዚያው ዲሴምበር ነዳጅ ማምረት ጀመረ። ስለሆነም ባሕርን የመጠበቅ ግዴታ ልክ እንደ መርከብ መብት በችሎት ፊት ከሳሽና ጠበቃ እስካላገኘ ድረስ፣ የባሕር ሕግ ግማሽ ሥራውን ብቻ የሠራ ሕግ ሆኖ ይቀራል።