መጠን የሌለው ምኞትና የቤተ ሰብ ዕዳ

በአማርኛ «ምኞት» እና «ዓላማ» የሚባሉት ሁለት ቃላት ጎረቤቶች ናቸው፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። ምኞት ማለት ልብ የወደደው ነገር ነው። ዓላማ ማለት ግን ልብ የወደደውን ነገር አእምሮ መዝኖ፣ ጊዜውንና ገንዘቡን፣ ረዳቱንም ቈጥሮ የተቀበለው እንደ ሆነ ነው። ተራ ሰው ይህን ልዩነት ቢዘነጋ ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ደጃፍ አያልፍም። መሪ የሆነ ሰው ሲዘነጋው ግን ጉዳቱ ለሀገር ይተርፋል፤ በቤቱ ውስጥ ያሉትንም፣ ምንም ሳይጠየቁ፣ ባለ ዕዳ ያደርጋቸዋል።

ለዚህ ነገር የዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ቅርብ ምስክር ነው። በቋራ የተወለዱት ካሣ ኃይሉ ከሽፍትነት ተነሥተው፣ የዘመኑን መሳፍንት አንድ በአንድ ድል አድርገው፣ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በስሜን በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ተብለው ተቀቡ። ቤተ ክርስቲያኒቱን ያሠሯት የስሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ፤ ያሠሯትም ራሳቸው ሊነግሡባት አስበው ነበር። ዳሩ ግን ከቅባቱ ጥቂት ቀን በፊት በጦርነት ድል ሆነው ተማረኩ፤ ለራሳቸው ባሰናዱትም ቦታ ያሸነፋቸው ሰው ነገሠ። ለአንድ አዲስ ንጉሥ ከዚህ የበለጠ ማስጠንቀቂያ ከየት ይመጣል?

የዐፄ ቴዎድሮስ ምኞት ክፉ ምኞት አልነበረም። የመሳፍንቱን ዘመን ፈጽመው ሀገሩን በአንድ ዘውድ ሥር ለማድረግ፣ ወታደሩ ገበሬውን መዝረፉን ትቶ በደመወዝ እንዲያድር፣ የባሪያ ንግድ እንዲቀር፣ መድፍ በሀገር ውስጥ እንዲሠራ ፈለጉ። ኢየሩሳሌምንም ከቱርክ እጅ ለማስለቀቅ ያስቡ ነበር። ከእነዚህ እያንዳንዱ ብቻውን የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። ንጉሡ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጀመሩ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም የተባለው ስለዚህ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደ ተበላሸ ደረጃ በደረጃ እንመልከት። ደመወዝ ለመክፈል ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡ የሚገኝበት መሬት ግን አብዛኛው በባላባቱና በቤተ ክርስቲያን እጅ ነበር። ንጉሡ ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል ብለው፣ የቀረው መሬት ግብር ለሚከፍል ገበሬ እንዲሰጥ አዘዙ። ካህናቱ ተቃወሙ፤ ካህናቱ ሲቃወሙም የሕዝቡ ልብ ሸሸ። ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ሳይቀሩ ታስረው በጥቅምት 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሞቱ። ደመወዙ ስላልተገኘ ወታደሩ ወደ ዘረፋው ተመለሰ፤ የተዘረፈው ገበሬ ሸፈተ፤ ሽፍታውን ለመቅጣት ዘመቻ ሆነ፤ ዘመቻውም ሌላ ዘረፋ ወለደ። በ1859 ዓ.ም. ንጉሡ ጎንደርን ራሷን አዘርፈው አቃጠሉ። ሀገርን አንድ ለማድረግ የተነሣ ሰው የሀገሩን ዋና ከተማ እስከ ማቃጠል ደረሰ ማለት ነው።

ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ በ1855 ዓ.ም. የጻፉት የወዳጅነት ደብዳቤ መልስ ባጣ ጊዜም ቆንስሉን ካሜሮንን በ1856 ዓ.ም. አሰሩት። ደብዳቤውን ያለ መልስ መተው የእንግሊዝ መንግሥት ጥፋት ነበር። ይሁን እንጂ የሌላው ሰው ጥፋት የራስን አቅም አያበዛም። በጋፋት የነበሩት የአውሮፓ ሠራተኞች ሴባስቶፖል የተባለውን፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን መድፍ ሠሩላቸው፤ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ መንገድ እየተጠረገ፣ መድፉም በብዙ ሰው ጉልበት እየተሳበ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ድል ግን አላመጣም። በዙላ ወደብ የወረደው የጄኔራል ናፒየር ጦር 13 ሺህ ያህል ወታደር ነበረው፤ መሳፍንቱ ንጉሡን ስለ ጠሉ መንገድ ለቀቁለት እንጂ አልተዋጉትም። በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ይልቅ በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ።

ብዙ ሰው ይህን ሞት በክብር ያነሣዋል፤ እኔም አልነቅፈውም። የዚህ ዓምድ ጉዳይ ግን ከዚያ ሰኞ በኋላ የቀሩት ሰዎች ናቸው።

እቴጌ ጥሩወርቅ ከላይ የጠቀስናቸው የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ። አባታቸውን የማረከውን ንጉሥ አገቡ፤ ትዳራቸውም ሰላም የጎደለው እንደ ነበረ በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። በአባታቸው ምኞትና በባላቸው ምኞት መካከል፣ በሁለት ወፍጮ ድንጋይ መካከል እንደ ገባ እህል ሆነው ኖሩ። የንጉሡ ልጅ ወይዘሮ አልጣሽም የሸዋን አልጋ ወራሽ ለማሰር ሲባል ለወጣቱ ምኒልክ ተድረው ነበር፤ ምኒልክ በሰኔ 1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲያመልጡ ግን ሚስታቸውን ትተዋቸው ሄዱ።

እቴጌይቱ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ፣ ባላቸው ከሞቱ አንድ ወር ያህል በኋላ፣ በግንቦት 1860 ዓ.ም. በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ በትግራይም በጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በዚያን ጊዜ ሰባት ዓመቱ ነበር። ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ ንግሥቲቱም በርኅራኄ ተቀበሉት። በቼልተናምና በራግቢ ትምህርት ቤቶች ተማረ፤ ቀጥሎም ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ ታሞ ሞተ፤ ዕድሜው 18 ዓመት ነበር። መቃብሩ በዊንድሶር ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ዐፅሙ እንዲመለስ በ1999 ዓ.ም. ጠየቀ፤ በ2015 ዓ.ም. ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በዚያ የተቀበሩትን የሌሎች ሰዎች ዕረፍት ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ ጥያቄውን ሳይቀበል ቀረ። ይህ ልጅ ስለ መድፉም ሆነ ስለ ቆንስሉ መታሰር አልተማከረም። የአባቱን ዕዳ ግን በባዕድ ሀገር ብቻውን ከፈለ።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ትልቅ ሳይመኙ ትልቅ ሥራ ይሠራልን?» ይል ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የቴዎድሮስ ሐሳብ ከእርሳቸው ጋር አልሞተም፤ ተከታዮቻቸው አነሡት፤ አነሣሡ ግን ሌላ ነበር። በጥር 1864 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ አንድነትን ፈለጉ፤ ነገር ግን በመጋቢት 1870 ዓ.ም. በልቼ ምኒልክ ሲገብሩላቸው የሸዋ ንጉሥነታቸውን አጸደቁላቸው እንጂ ሊያጠፏቸው አልሞከሩም። ምኒልክም በመቅደላ አሥር ዓመት በግዞት ኖረው የንጉሡን ሐሳብ ታላቅነትም፣ የአፈጻጸሙንም ችኮላ በዓይናቸው አይተው ነበር። መሣሪያውን በብዙ ዓመት ንግድ ጥቂት በጥቂት አከማቹ፤ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይም ተጠቀሙበት። እነዚህ ነገሥታት ከስሕተት ነፃ ነበሩ ማለቴ አይደለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለመንግሥት ሥራም የሚያገለግል መሆኑን ለማሳየት ነው።

የዚህ ገጽ አንባቢዎች ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ዘውድ የሚጭን የለንም፤ ፈተናው ግን በየመጠኑ ይደርሰናል። አንድ የወረዳ ሹም በመጣ በዓመቱ መንገድም፣ ትምህርት ቤትም፣ ሐኪም ቤትም አሠራለሁ ብሎ በአደባባይ ቃል ይሰጣል። በጀቱ ለአንዱም አይበቃም። ቃሉን ለመጠበቅ ሲል ከሕዝቡ ያለ አግባብ መዋጮ ይሰበስባል፤ የአንዱን ሥራ ገንዘብ ለሌላው ያዞራል፤ መጨረሻው ምርመራና ከሥራ መታገድ ነው። በዚያን ቀን ከመንግሥት ቤት ዕቃዋን ጠቅልላ የምትወጣው ሚስቱ ናት፤ ትምህርቱን በመካከል የሚያቋርጠውም ልጁ ነው። ከሹመቱ በላይ ለመታየት ብሎ በብድር ግብዣ የሚያበዛውም ሰው ከዚህ የራቀ አይደለም።

ስለዚህ ትልቅ ነገር ያሰበ ሰው ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቅ። ይህ ሥራ በማን ገንዘብ ይሠራል? በስንት ዓመት ይፈጸማል? ሳይሳካ ቢቀር ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው? ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መልስ የሚገኘው ከመሥሪያ ቤት፣ ከሒሳብ ሹሙና እውነቱን ለመናገር ከማይፈራ ባልደረባ ነው። ሦስተኛውን ግን ማታ በቤቱ፣ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ ይጠይቅ፤ መልሱንም በትዕግሥት ይስማ። ልጆቹ በአጠገቡ ተኝተው ሳሉ የተሰጠ መልስ በአደባባይ እልልታ መካከል ከተሰጠው ይልቅ ለእውነት የቀረበ ነው።