«አባውት»ን ማን ጠራው?

የልጃችሁን የእንግሊዝኛ ደብተር ገለጥ አድርጉና ቀዩ እስክሪብቶ የት የት እንዳረፈ ተመልከቱ። ረጃጅሞቹን ቃላት ልጆች ሸምድደው ስለሚጽፏቸው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋሉ። የሚሰረዙት ሁለትና ሦስት ፊደል ያላቸው ትንንሾቹ ናቸው፤ «ኢን»፣ «ኦን»፣ «አት»፣ «ቱ»፣ «ፎር»። መምህሩ ሰርዞ ትክክለኛውን ከላይ ይጽፋል እንጂ ምክንያቱን ለመጻፍ ጊዜ የለውም። ልጁም ደብተሩን ይዞ ይመጣና «እማዬ፣ ‹ዲስከስ አባውት› ለምን አይባልም?» ይላል። «እንግሊዝኛ እንዲያ ነው፤ ዝም ብለህ አጥና» ይባላል።

መልሱ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። እንግሊዞቹም ቢሆኑ ለእያንዳንዱ ግስ ምክንያት ስጡ ቢባሉ ይቸገራሉ። ግን ልጁ «አባውት»ን ከየት አመጣው? ከአማርኛው ነው። እኛ «ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ተወያየን» እንላለን። «ስለ» ማለት «አባውት» ነው ተብሎ ስለተማረ እንዳለ አሻገረው። ችግሩ «ዲስከስ» የሚለው ግስ «ስለ»ን ሆዱ ውስጥ ይዞ የሚዞር መሆኑ ነው። «ዊ ዲስከስድ ዘ ስኩል ፊ» ካልን አለቀ፤ «አባውት» ሳይጠራ የመጣ እንግዳ ነው። «ወደ ክፍል ገባ»ም «ኤንተርድ ቱ ዘ ክላስ» ይሆንና ቀይ ያርፍበታል፤ «ኤንተር» «ወደ»ን አይፈልግም።

ነገሩን የሚያወሳስበው እነዚህ ግሶች ስም ሲሆኑ ጠባያቸውን መለወጣቸው ነው። «ዲስከስ» የማይፈልገውን «አባውት» «ዲስከሽን» ይወስዳል። ደብዳቤ ላይ «ሪኩዌስት» ግስ ሲሆን ብቻውን ይቆማል፤ «ኤ ሪኩዌስት» ስም ሲሆን ግን «ፎር» ይከተለዋል። በየመሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ ላይ «አይ ሪኩዌስት ፎር» የሚለው የበዛው ሁለቱ ስለተቀላቀሉ ይመስለኛል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። አማርኛው መስተዋድድ ሳይፈልግ እንግሊዝኛው የሚፈልግበት። «ሬዲዮ አዳምጣለሁ»፣ «ታክሲ እጠብቃለሁ» ስንል በመካከል የሚገባ ነገር የለም። ስለዚህ «ሊስን ሬዲዮ» እና «ዌይት ሚ» ይመጣሉ፤ «ቱ» እና «ፎር» ተረስተው። «ኤክስፕሌይን ሚ» የሚለውም «አስረዳኝ» ከሚለው ግስ በቀጥታ የተቀዳ ነው። እኛ «ኝ»ን ግሱ ላይ ለጥፈን እንሄዳለን፤ እንግሊዝኛው «ኤክስፕሌይን» ካለ «ቱ ሚ» ይላል።

ብዙ ወላጆች «ይህ የእንግሊዝኛ ጣጣ ነው፤ በእኛ ቋንቋ የለም» ሲሉ እሰማለሁ። አልስማማም። «መሰከረለት» እና «መሰከረበት» የሚሉትን አስቡ። ግሱ አንድ ነው፤ «ለ» እና «በ» ብቻ ተለያዩ፤ አንዱ ሰውየውን ነጻ ያወጣዋል፣ ሌላው ያስፈርድበታል። «ኳሱን ወረወረለት» ስንል ጨዋታ ነው፤ «ወረወረበት» ስንል ጠብ። እንግሊዝኛውም ይህንኑ ያደርጋል፦ «ስሮው ቱ» ለጨዋታው፣ «ስሮው አት» ለጠቡ። «ሳቀበት» ደግሞ «ላፍ አት» ነው። ታዲያ «በ» ማለት «አት» ነው ብሎ መደምደም ይቻላል? «መሰከረበት» ላይ ስንደርስ ያ ሕግ ይፈርሳል፤ እዚያ የሚመጣው «አጌንስት» ነው። ስለዚህ ትንሿን ፊደል ብቻዋን መተርጎም አያዋጣም። የሚተረጎመው ግሱ ከነተከታዩ ነው።

ልጆች ይህን በገዛ ቋንቋቸው ሲያዩት ቶሎ ይገባቸዋል፤ ደስም ይላቸዋል። አሜሪካ ያደገው የአክስት ልጅ ስልክ ላይ «እማዬ፣ ትናንት ደወልኩሽ» ሲል አያት የምትስቀው ለምን እንደሆነ ጠይቋቸው። «ደወልኩልሽ» ማለት ነበረበት። አያትን እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ደወላት! እንግሊዝኛው «ኮልድ ዩ» ስለሚል «ለ» የምትገባበትን ቦታ አላገኘም። የእኛ ልጅ «ዌይት ሚ» ሲልና እሱ «ደወልኩሽ» ሲል በሽታቸው አንድ ነው።

ሁሉም ስህተት ግን እኩል አይደለም። «ዲስከስ አባውት» ያለን ሰው ማንም ይረዳዋል፤ ለእሱ ሲባል ልጅን በእንግዳ ፊት ማረም ትርፍ የለውም። ትርጉም የሚገለብጡት ናቸው ጉዳዩ። «ሉክ አፍተር» መንከባከብ ነው፣ «ሉክ ፎር» መፈለግ፣ «ሉክ አት» ማየት። ለሕፃን ጠባቂነት በእንግሊዝኛ ቃለ መጠይቅ የምትደረግ ሴት «አፍተር»ን በ«ፎር» ከቀየረች፣ አሠሪዋ የሚሰማው ልጁ ጠፍቶ ስትፈልገው ነው። በነገራችን ላይ «ሐኪሙ ሰውዬውን ኦፐሬት አደረገው» የምንለውም እንዳለ ከተሻገረ ሰውየውን እንደ ማሽን አንቀሳቀሰው ይሆናል፤ «ኦፐሬት ኦን» ነው የሚባለው።

ሂሳብ ላይ ደግሞ ነጥብ ያስጥላል። ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ሂሳቡም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ትንሿ ቃል የቋንቋ ክፍለ ጊዜ ብቻ ጉዳይ መሆኗ ያበቃል። ዋጋው 30 ብር የነበረ ዕቃ «ኢንክሪዝድ ባይ 50» ከተባለ 80 ብር ገባ፤ «ኢንክሪዝድ ቱ 50» ከተባለ 50 ብር ነው። 12ን «ዲቫይድ ኢን ሃፍ» ካሉት መልሱ 6 ነው፤ «ዲቫይድ ባይ ሃፍ» ካሉት 24። ሂሳቡን አሳምሮ የሚችል ልጅ እዚህ ላይ ሲወድቅ «ሂሳብ አይገባውም» ብሎ መፍረድ በደል ነው።

ታዲያ ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? «ኢን» የሚገባባቸውን ቦታዎች ሁሉ ደርድሮ ማስጠናት አልወድም፤ ዝርዝሩ አያልቅም። አዲስ ግስ ሲመጣ ከነተከታዩ እንደ አንድ ቃል ይጻፍ፦ «ዲፔንድ» ሳይሆን «ዲፔንድ ኦን»፣ «ኮንሲስት» ሳይሆን «ኮንሲስት ኦፍ»። ምንም የማይከተለው ከሆነም ባዶነቱ ይጻፍ፤ ከ«ዲስከስ» ቀጥሎ የሚመጣውን ነገር አስገብቶ፣ «ዲስከስ ዘ ፕሮብለም» ብሎ። ከዚያ ጮክ ብሎ ማንበብ። ጆሮ ሲለምደው «ዌይት ሚ» ራሱ ይጎረብጣል።

የመዝገበ ቃላት ምርጫም ለውጥ ያመጣል። እንግሊዝኛ አማርኛው ለፍቺ ጥሩ ነው፤ ለአጠቃቀም ግን ለተማሪ ተብሎ የተዘጋጀውን እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ያዙ። የዚህ ዓይነቱ መዝገበ ቃላት ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። ኤ. ኤስ. ሆርንቢ የተባለ እንግሊዛዊ በ1924 እ.ኤ.አ. እንግሊዝኛ ሊያስተምር ጃፓን ሄደ። ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው መዝገበ ቃላት የፍቺ ብቻ አልነበረም፤ ከእያንዳንዱ ግስ በኋላ ምን እንደሚመጣ የሚያሳይ ነበር። በ1942 ቶኪዮ ውስጥ ታተመ፤ በ1948 ኦክስፎርድ ወሰደው። ዛሬ «ኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ» ተብሎ የሚታወቀው እሱ ነው፤ በስልክም ይገኛል። ልጁ «ዲፔንድ»ን ሲከፍት ፍቺውን አንብቦ እንዳይዘጋው፤ ከሥሩ ያሉትን ምሳሌዎች ያንብብ። መልሱ እዚያ ነው ያለው።

መጽሐፉና አጎቱ የማይስማሙበት ቀንም ይመጣል። ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣው አጎት «ኦን ዘ ዊክኤንድ» ሲል፣ የብሪታንያውን የሚከተለው መጽሐፍ «አት ዘ ዊክኤንድ» ይላል። አሜሪካኖቹ «ራይት ሚ» ሲሉ እንግሊዞቹ «ራይት ቱ ሚ» ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። አጎትንም መምህሩንም ማሳፈር አያስፈልግም፤ ፈተና ላይ በመጽሐፉ፣ ከአጎት ጋር ደግሞ እንደ አጎት።