ፍቅር አበጣሪ አይሻም

«ሁላችሁም ሥራችሁን አምጡ» ብሎ ጠርቶ፣ የመጣውን በዝግ ክፍል አበጥሮ አብዛኛውን የሚመልስ ዐውደ ርዕይ የማኅበረሰብ አይደለም፤ የአዘጋጆቹ ነው። አሠራሩ ግን ልማድ ሆኗል። ጥሪው ለሁሉም ይወጣል፣ ምርጫው ለጥቂት ባለሙያዎች ይተዋል፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውም እነሱ ከመጀመሪያው ሲፈልጉት የነበረው ይሆናል። ርዕሱ ፍቅር ሲሆን ጥፋቱ ይብሳል። የሥዕልን ጥራት የሚዳኝ ዐዋቂ አለ፤ የሰውን ፍቅር «አልበቃም» ብሎ የመመለስ ሥልጣን ያለው ግን የለም።

ይህን የምለው ዶካን እያሰብኩ ነው። ዶካ ከገዳሪፍ ወደ ገላባትና ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የምሥራቅ ሱዳን ከተማ ናት። በአቅራቢያዋ ያለው የኡም ራኩባ ካምፕ በ1977ቱ ድርቅ ኢትዮጵያውያንን አስጠልሎ ነበር፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራይ ጦርነት የሸሹትን ለመቀበል እንደገና ተከፈተ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ራሷ በጦርነት ስትታመስ የስደቱ አቅጣጫ ተገለበጠ፤ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። በዚህ መንገድ ዳር ከድንበሩ ወዲያ የቀረ ሰው የሌለው ቤት ማግኘት ከባድ ነው። የፍቅር ዐውደ ርዕይ እዚህ ቢዘጋጅ ከየትኛውም ቦታ የበለጠ የሚነገር ነገር አለ። በተለመደው መንገድ ከተዘጋጀ ግን ከሁሉ በፊት የሚታፈነው ይኸው ነው።

ድንበር ላይ «ፍቅር» ሲባል የመራጮች ዐይን የሚያርፍበት ይታወቃል፤ የተጨባበጡ እጆች፣ ሁለት ባንዲራዎች፣ ነጭ ርግብ፣ «ወንድማማች ሕዝቦች» የሚል ጽሑፍ። ይህ የመግለጫ ቋንቋ ነው። የድንበሩ ታሪክ ግን ደም አለበት፤ አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. ከሱዳን ጦር ጋር ሲዋጉ የወደቁት እዚሁ መተማ ላይ ነው፤ የአልፋሽቃ የእርሻ መሬትም ሁለቱን አገሮች እስከ ዛሬ ያወዛግባል። የሁለቱ አገር ሰዎች የሚዋደዱት ይህን ሁሉ እያወቁ ነው። የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ወደ ሱዳን፣ የሞሐመድ ዋርዲን ወደ እኛ ያሻገረው ኮሚቴ አይደለም፤ አድማጭ ራሱ ወድዶ ነው። መራጩ ጣፋጩን ብቻ ሲለቅም ጦርነት የለያየው ትዳር፣ ቤተሰብ የከለከለው መተጫጨት፣ ከካምፑ ውጭ የቀረች እናት፣ ለሞተ ሰው የሚቀጥል መውደድ ከአዳራሹ ይወጣሉ። የቀረው ሥዕል የማንም ሕይወት አይሆንም።

ሌላ መንገድ እንዳለ የክሮኤሺያዋ ዛግሬብ ታሳያለች። ሁለት ፍቅረኞች ተለያይተው፣ የጋራ ዕቃቸውን ምን እንደሚያደርጉት ሲያስቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ተዘዋዋሪ ትርኢት ጀመሩ፤ በ2010 ቋሚ ሙዚየም ሆነ። ሰው ካበቃ ፍቅሩ የተረፈውን ዕቃ ከታሪኩ ጋር ይሰጣል፤ የሰጪው ስም አይጻፍም። በጦርነት እግሩን ያጣ ሰው ከሰጠው ሰው ሠራሽ እግር አጠገብ ተራ የቤት ዕቃ ይቀመጣል። ጎብኚው ከዕቃው ፊት የሚቆመው ለሥዕል ጥበብ አይደለም፤ ሰውየው የደረሰበትን ለመስማት ነው።

ዳኛን ማስቀረትም አዲስ ነገር አይደለም። የፓሪስ ሠዓልያን እ.ኤ.አ. በ1884 ዳኛም ሽልማትም የሌለበት ማኅበር መሠረቱ። የኒው ዮርኮቹ በ1917 ይህንኑ አርአያ ተከትለው 6 ዶላር የከፈለ ሁሉ ያሳያል አሉ፤ ከአመራሩ አንዱ የነበረው ሠዓሊ ማርሴል ዱሻን በሌላ ስም የሽንት ቤት ዕቃ ሲልክ ግን የገቡትን ቃል አፍርሰው ከትርኢቱ አስቀሩት፤ ዱሻንም ከአመራሩ ለቀቀ። ክፍትነት የሚፈተነው አዘጋጁ የማይወደው ነገር በመጣ ጊዜ ነው፤ እነሱ በዚያ ፈተና ወደቁ።

መራጩ ቢነሳም በሩ ገና አልተከፈተም፤ ጥሪው ራሱ ያበጥራልና። ማስታወቂያው በኢንተርኔትና በእንግሊዝኛ ከወጣ፣ የሕይወት ታሪክና ጥራት ያለው ፎቶግራፍ ከጠየቀ፣ ከመተማ እስከ ገዳሪፍ ሰሊጥ የሚያጭደው ወቅታዊ ሠራተኛ፣ ሳሉጉ፣ ቀድሞ ተሰናብቷል። ማስረከቢያው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከዋለ ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ ማሳ ላይ ነው። በአማርኛና በትግርኛ፣ በዐረብኛና በሐውሳ የሚነጋገር ሕዝብ ባለበት ጥሪው በገበያና በሻይ ቤት፣ በየቋንቋው፣ በአፍ መነገር አለበት። «የጥበብ ሥራ» ማለት ሸራ ላይ የተሣለ ብቻ ከሆነም የሴቶች ስፌትና ጥልፍ፣ በስልክ የተቀዳ እንጉርጉሮ፣ ተጣጥፎ የኖረ ደብዳቤ ደጅ ይቀራሉ። ሰው ፍቅሩን ያኖረው ግን በእነዚህ ውስጥ ነው።

የሚነሱብኝን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ። «ጥራት ይወድቃል» ይባላል። የማኅበረሰብ ዐውደ ርዕይ ጥራት በአቀማመጡ ይለካል፤ የአዘጋጁ ሙያ የትኛው ከየትኛው ጎን እንደሚሆን፣ ብርሃኑ ከወዴት እንደሚመጣ፣ ጽሑፉ በስንት ቋንቋ እንደሚነበብ መወሰን ነው። ይህ ከመምረጥ ይከብዳል። «ቦታ አይበቃም» ይባላል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሥራ፣ መጠኑም አንድ ሰው ተሸክሞት ከሚመጣው የማይበልጥ ይሁን፤ አዳራሹ ሲጠብ በየሳምንቱ ይቀያየር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባዱ ነው፤ ፍቅርን በአደባባይ ማሳየት ሰውን ሊጎዳ ይችላል። በተለይ ሴት ልጅ ከቤተሰብ ፈቃድ ውጭ የወደደችውን ብትናገር የሚጠብቃትን ሁላችንም እናውቃለን። መፍትሔው ግን ሥራዋን ማስቀረት አይደለም። ስሟን መጻፍ፣ የቅጽል ስም መጠቀም ወይም ያለ ስም ማቅረብ ምርጫው የእሷ ይሁን። የሌላ ሰው ፊት ወይም ስም ያለበት ሥራ ያ ሰው ካልፈቀደ አይሰቀል፤ ማንንም በዘሩ የሚሰድብም አይግባ። እነዚህ ደንቦች ከጥሪው ጋር አስቀድመው ይነገሩ። ሁሉም ቀድሞ የሚያውቀው ደንብ ሰውን ይጠብቃል፤ ከኋላ የሚመጣ ምርጫ ግን የሚጠብቀው መራጩን ነው።

ከሥራው ጎን የሚለጠፈውንም ጽሑፍ የሚናገረው አቅራቢው ራሱ ይሁን፤ መጻፍ ካልቻለ ቃሉን ሳይለውጥ የሚጽፍለት ሰው ይመደብ። «ከተጠቃሚዎቻችን አንዱ» የሚል መግለጫ ሰውየውን ከፍቅሩ ነጥቆ ለአዘጋጁ ድርጅት ሪፖርት ያስረክበዋል። ትርኢቱ ሲያበቃም ዕቃው ለባለቤቱ ይመለስ፤ የተፈናቀለ ሰው ይዞት የሸሸው ጥቂት ነገር የማንም ስብስብ ማሟያ መሆን የለበትም።

ይህን ለማድረግ አቅም ወይም ድፍረት የሌለው አዘጋጅ ጥሪውን ክፍት ብሎ አይጥራ። «እኔ የመረጥኳቸው» ብሎ በገዛ ስሙ ያቅርብ፤ እሱም የተከበረ ሥራ ነው፣ ተመልካቹም የማንን ዐይን ተውሶ እንደሚያይ ያውቃል። የዶካን ሰው ጠርቶ ግን ፍቅሩን መመለስ አይገባም። ብዙዎቹን ድንበር፣ ፍተሻና መዝገብ አንድ ጊዜ መልሰዋቸዋል፤ የጥበብ አዳራሽ ሌላ ኬላ ሊሆንባቸው አይገባም።